ከሰሌዳው ላይ ያልጠፋው ስም

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንቺ ራስሽ እንዴት ነሽ? ያ ጎንሽን ወጋ የሚያደርግሽ ነገር ተወሽ ወይስ አሁንም ደህና ነኝ እያልሽ ትሸፋፍኚዋለሽ? እማማስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ደረጃውን ያለ ደጋፊ መውጣት ቻለች? ባለቤትሽስ፣ ሥራው እንዴት ይዞታል፣ ያ ሳሉስ ለቀቀው? ልጆቹስ? ትልቋ አሁንም ማንኪያ በአንድ እጇ መጽሐፍ በአንድ እጇ ይዛ ነው የምትበላው? ትንሹስ መዋሸት ተወ ወይስ ገና እየጎበዘበት ነው? የጓዳው ጣራ ተጠገነ ወይስ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ይዛችሁ ትሯሯጣላችሁ? እኔ፣ ስሙ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴም ልጄም ደህና ናቸው። እንደ ሌላው ጊዜ ሙሉውን ሳልጽፍ ለምን ስሙ ይመስገን ብዬ እንዳለፍኩ ገርሞሽ ይሆናል። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

አባባን ከሌሎቹ ጋር ያልጠየቅኩት ረስቼው እንዳይመስልሽ። የዛሬው ደብዳቤ ነገሩ ሁሉ እሱ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የሰማይና የምድር አደራ፣ መጀመሪያ ለብቻሽ አንብቢው። እንደ ልማድሽ ፖስታውን በሩ ላይ ቀደሽ፣ አባባ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እንዳትጀምሪው። ጀምረሽው ከሆነም እዚህ ላይ ሳል ሳል በይና መነጽሬን ላምጣ ብለሽ ውጪ። በስልክ ለምን አልነገርከኝም ትይኝ ይሆናል። በስልክማ እንዴት አድርጌ! ሲጮህ ቀድሞ የሚያነሳው እሱ፣ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ የሚለቀው እሱ፣ አንቺ ያልሽውን ሳይቀር መልሶ የሚነግረኝ እሱ። በዚያ ስልክ ምስጢር ከማውራት ገበያ መሃል ቆሞ መጮህ ይሻላል።

ባለፈው ደብዳቤሽ አባባ በድምፅ መጸለይ ተወ ያልሽው ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሏል። ዓይኑ ከደከመ በኋላ እንኳ በቃሉ ነበር የሚወርደው፤ ዓይን ምን ያደርግለታል? ለጸሎት የሚያስፈልገው አሥር ሰው መሙላት ካቃተ ወዲህ፣ አንዱ ሞቶ አንዱ ወጥቶ፣ የጸሎት ቤቱ በር ከተዘጋ ወዲህ ነው አልሽኝ። መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው አልሽኝ። ለምን ብለሽ ብትጠይቂው፣ አሜን የሚል ከሌለ ጮክ ማለት ምን ያደርጋል አለሽ። ይህችን ቃል አንሶላ እየተኮስኩ ስንት ጊዜ እንዳኘኳት ብነግርሽ ታዝኛለሽ። አንድ አንሶላም አቃጥዬባታለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ወንድምሽ አስተማሪ ሆኗል። አትሳቂ እንጂ! አዎ፣ ያ ማባዛት ስታስጠኚው አልጋ ሥር የሚደበቀው ወንድምሽ። ላውንደሪውን አልተውኩም፣ ጠዋት ጠዋት እዚያው ነኝ። ግን እዚህ ምኩራቡ ሥር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ የሃይማኖት ትምህርት ቤት አለ። ልጆች ከመደበኛው ትምህርታቸው ወጥተው በሳምንት ሁለት ቀን ይመጡና ጸሎት፣ መልካም ምግባርና የሕዝባችንን ታሪክ ይማራሉ። የቀድሞዋ አስተማሪ ወልዳ ስትቀር ዳይሬክተሯ ሰው አጣች። እኔ ለካ ሰንበት ጠዋት ጥግ ይዤ በአባባ ዜማ ሳጉተመትም ትሰማኝ ኖሯል፤ ና አስተምርልኝ አለችኝ። እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ አልኳት። ጥሩ ነዋ፣ ልጆቹም ትንሽ ተጨማደዋል አለችኝ።

ክፍሉ ከመሬት በታች ስለሆነ መስኮቱ ጣራው ሥር ነው፤ በሱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ጥቁሩ ሰሌዳ አንዱን ግድግዳ እንዳለ ይሸፍናል። ክፍሉንም ሰሌዳውንም ከመዝሙር አስተማሪው ጋር እንጋራለን፤ ይህን ሰውዬ ያዢልኝ፣ ኋላ ይመጣል። ልጆቹ ዘጠኝ ናቸው። የሸሚዜ ኮሌታ ሁልጊዜ የተተኮሰ ስለሆነ ጋሼ ኮሌታ ይሉኛል። ከፊት የምትቀመጥ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ አለች፤ ከአፏ ለምን የሚል ቃል ስለማይጠፋ እኔ በሆዴ እመት ለምን ብያታለሁ። እሷን ብታዪያት ትወጃት ነበር። እኔ እንኳ እወዳታለሁ፣ እሷ በሌለችበት ቀን።

መጀመሪያ ያስተማርኳቸው ሰውን በሰው ፊት አለማሳፈርን ነው። አባባ እኛን ያስተማረን እንደዚያ አይደል፣ ጥፋታችንን ሁልጊዜ ከበር ኋላ፣ በጆሯችን። በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ ልጅ ሲረብሽ ተቆጣሁት። እመት ለምን እጇን አወጣችና፣ ጋሼ ኮሌታ፣ እሱን በሰው ፊት እንዳሳፈሩት አውቀዋል? አለችኝ። እኔን በሰው ፊት እንዳሳፈረችኝ ግን ለሷ ማን ይንገራት?

ጣጣውን ያመጣው ሁለተኛው ትምህርት ነው። የምኩራቡ ረቢ ሽማግሌ ናቸው፣ ደረጃ ሲወርዱ መሃል ላይ ቆም ብለው ይተነፍሳሉ። አንድ ቀን ልጆቹን ሰብስበው ደረጃው ሥር ያለ የእንጨት ሣጥን ከፍተው አሳዩአቸው። ያረጁ የጸሎት መጻሕፍት፣ የተቀደዱ ገጾች፣ ገመዱ የላላ ጥራዝ። የፈጣሪ ስም የተጻፈበት ነገር አይጣልም፣ አይቃጠልም፣ አይፋቅም፤ ሲያረጅ እንደ ሰው ተቀብሮ አፈር ይለብሳል አሏቸው። እትዬ፣ እነዚያ ልጆች ዝም ሲሉ ያን ቀን ነው ያየሁት። አንዱ ልጅ ሲወጣ ሣጥኑን ደህና ሁን ብሎ በእጁ ነካ አደረገው።

ቀጥሎ የታሪክ ትምህርት መጣ። ሕዝባችን በየአገሩ ተበትኖ ሲኖር በየቋንቋውና በየዜማው መጸለዩን ላስረዳቸው ነበር። እያንዳንዳቸው ከቤታቸው የአያታቸውን የጸሎት መጽሐፍ ይዘው እንዲመጡ ነገርኳቸው። አመጡ፤ ጠርዙ የተበላ፣ በላስቲክ የታሰረ፣ ሰም የተንጠባጠበበት፣ ጠረጴዛው ሞላ። እመት ለምን የእርስዎስ የታለ አለችኝ። የእኔ አባቴ ዘንድ ነው፣ ሩቅ ነው አልኳት። ታዲያ እኛ በምን እንየው አለች። ልቤ ሞቅ አለና ጠመኔ አነሳሁ። የአባባን የጠዋት ጸሎት የመጀመሪያዋን መስመር በእኛ ፊደል፣ በትልልቁ፣ ሰሌዳው መሃል ላይ ጻፍኩላቸው። በዜማውም አልኩላቸው። ድምፄ የአባባን ድምፅ እንደሚመስል ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ እኔው ደነገጥኩ። የትኛው ነው ስሙ ሲሉኝ፣ ይኸውና ብዬ በጠመኔ ከበብኩላቸው። ልጆቹ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እንደ ሥዕል ገለበጧቸው፤ ይቺ ወንበር ትመስላለች፣ ይቺ ደግሞ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትቆጣለች እያሉ።

ሰዓቱ ሲደርስ ዳስተሩን አነሳሁ። እጄ ሰሌዳው ላይ ሊያርፍ ሲል እመት ለምን ብድግ ብላ፣ ጋሼ ኮሌታ፣ ስሙ! ብላ ጮኸች። ሌሎቹም አብረው ጮኹ። ዳስተሩን ወደ ላይ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ያስተማርናቸውን ነው የያዙት። ልክ ናችሁ፣ ተረስቶኝ ነው ብዬ ዳስተሩን አስቀመጥኩ። እንግዲህ የዚያን ጊዜ የተቀመጠ ዳስተር እስከ ዛሬ አልተነሳም።

በሚቀጥለው የትምህርት ቀን የመዝሙር አስተማሪው ገባ። ይህ ሰው ለዜማ ምልክት አምስት መስመር ከዳር እስከ ዳር ካልዘረጋ ማስተማር አይችልም። ልጆቹ ከሰሌዳው ፊት ወንበር ደርድረው፣ እዚህ አይነካም ብለው ቆሙበት። ቸገረውና መስመሮቹን በአባባ ጸሎት አናት ላይ ጠምዝዞ አሳለፋቸው። ልጆቹ ሲዘምሩ እዚያ ጋ በደረሱ ቁጥር ድምፃቸው እየጮኸ ሽቅብ ወጣ። ሰውየው ጸጉሩን ነጨ፣ የቀረውን ማለቴ ነው። ሲወጣ ደረጃው ላይ አግኝቶኝ፣ ቤትህ ግድግዳ የለም ወይ እዚያ የማትጽፈው አለኝ። እኔም ደሜ ፈልቶ፣ አንተስ ድምፅህ ይህን ሁሉ ሕንፃ እያናወጠ ሰሌዳ ምን ያደርግልሃል አልኩት። ይኸው እስካሁን ሰላምታችን በአንገት ብቻ ነው።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት! የእመት ለምን አባት ታክሲ ነጂ ነው። አንድ ቀን መጥቶ በር ላይ ያዘኝ፤ ይስቅ ይቆጣ አልለየለትም። ልጅቷ አቧራ በለበሰው የታክሲው ኋላ መስታወት ላይ፣ በእኛ ፊደል፣ ስሙን በጣቷ ጽፋበት ኖሯል። ከዚያ መኪናው እንዳይታጠብ ከለከለች። ተሳፋሪ ሁሉ ይህ መኪና ውኃ ያየው መቼ ነው እያለኝ ገበያዬ ሊዘጋ ነበር፣ ደግነቱ ዝናብ መጥቶ ገላገለኝ አለኝ። እኔ ደንግጬ፣ ልጅቷስ አላዘነችም? አልኩት። ኧረ ዝናቡን የላከው እሱ ራሱ ስለሆነ ችግር የለውም ብላኛለች አለኝ። ሳቅኩ እልሻለሁ እስክንበረከክ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። የዚያች ልጅ እምነት በእኔ እጅ ላይ መሆኑ ፍርሃት ለቀቀብኝ።

ረቢውን ጠየቅኳቸው። ሕጉ የሚናገረው በቅዱሱ ቋንቋ፣ በዕብራይስጥ፣ ስለሚጻፈው ስም ነው፣ በሌላ ቋንቋና ፊደል የተጻፈውን ማጥፋት ይፈቀዳል አሉኝ። እፎይ ብዬ ልወጣ በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝና፣ ቢሆንም ሰው ይጠነቀቃል፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ቆሻሻ ላይ አይጣልም አሉኝ። እንግዲህ ይፈቀዳል፣ ቢሆንም። ይህችን ቢሆንም የት ላስቀምጣት እትዬ? ይፈቀዳልን ይዤ እሄዳለሁ፣ መንገድ ላይ ቢሆንም ትይዘኛለች። ቢሆንምን ይዤ እተኛለሁ፣ ጠዋት ይፈቀዳል ይቀሰቅሰኛል። ባለቤቴን ብጠይቃት፣ አጥፋው፣ አባባ እንደሆኑ ከዚያ ሆነው አያዩህም አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ዕቃ እያጠበች ዞር አለችና፣ ስታጠፋው ግን ለእኔ እንዳትነግረኝ አለችኝ። ይህ ምክር ነው? ይህማ ሌላ ቢሆንም ነው!

እንዴት ልንገርሽ፣ የጨነቀኝ ጠመኔው አይደለም። ባጠፋው፣ ለእነዚያ ልጆች አባቴ ዕድሜ ልኩን የጠራው ስም እንደ ሌላው ስም አይደለም፣ ይፋቃል ማለቴ ነው። አባባ ያን ስም ሳይታጠብ ጠርቶት ያውቃል? ባላጠፋው ደግሞ ረቢው ሕጉን ተናግረው እያለ አስተማሪያቸው እንዳሻው ያደርጋል ማለቴ ነው። ሕግ አክብሩ ብዬ ያስተማርኩ እኔ ነኝ፣ አባት አክብሩ ብዬ ያስተማርኩም እኔ ነኝ። አሁን ሁለቱ ሰሌዳ ላይ ተጋጭተው እኔ መሃላቸው ዳስተር ይዤ ቆሜያለሁ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ልብስ ላይ እድፍ የማጠፋ ሰው አንዲት መስመር ጠመኔ አቃተኝ።

ስሙን በዚህ ደብዳቤ ያልጻፍኩትም ለዚሁ ነው። እስከ ዛሬ የላክሁልሽ ደብዳቤ ሁሉ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይመስገን ከሚለው በፊት ሙሉ ስሙ አለበት። ምን አደረግሻቸው? አንቺ እንደሆንሽ በወረቀት ምድጃ የምታቀጣጥይ፣ የትንሹን ጫማ የምትጠቀልይ ነሽ! አስቢው እስቲ። እኔማ ካሰብኩት ጀምሮ ጤና የለኝም። የቀረ ካለ ሰብስቢልኝ፣ ያለቀ ከሆነም አትንገሪኝ። ይኸው እኔም እንደ ባለቤቴ ሆንኩ።

በመጨረሻ ዳይሬክተሯ ጠራችኝ። ጥሩ ሰው ናት፣ ቃሏን ስታወጣው እሷም ጨንቋታል። ሐሙስ ወላጆች ክፍሉን ሊያዩ ይመጣሉ፣ እስከዚያ ለልጆቹ አንድ ቁርጥ ያለ መልስ ስጣቸው አለችኝ። ይህን መቁረጥ ያቃተው ሰው ሌላውን እንዴት ያስተምራል የሚሉ በትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ውስጥ አሉ፣ ክፍሉን ለሌላ ሰው እንድሰጥ አታድርገኝ አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እትዬ፣ ክፍሉ ቢወሰድብኝ አልሞትም፣ አንሶላው የትም አይሄድም። ግን ከእናንተ ከተለየሁ ወዲህ በአባባ ዜማ ስጮህ የሚሰማኝ ሰው ያገኘሁት እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ብቻ ነው።

ያን ሰሞን አንድ ነገር ለማስታወስ ራሴን ስቀጠቅጥ ከረምኩ። አንቺ ትልቅ ስለሆንሽ አንቺ ታውቂዋለሽ። አባባ ፊደል ሲያስቆጥረን በጓዳው በር ላይ በጠመኔ ይጽፍልን አልነበር? ጸሎቱንም እዚያው ነበር ያስጠናን። ታዲያ ስሙ ጋ ሲደርስ ምን ያደርግ ነበር? እኔ ሁለት ነገር ነው የሚታየኝ፣ ሁለቱም ደግሞ ጥርት ብለው። በአንዱ አባባ መዳፍ የምታህል ባዶ ቦታ ትቶ ያልፋል፤ እዚያ ጋ ስንደርስ ዓይናችንን ጨፍነን በአፋችን እንሞላዋለን። በሌላው ደግሞ ይጽፈዋል፣ ሲያበቃ አንቺ በጆግ ውኃ ታመጪለታለሽ፣ በሩን በእጁ ያጥበዋል፣ ከሥር በሳህን የተቀበለውን ውኃ ወስዶ ዛፏ ሥር ያፈሰዋል። ሳህኑን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ቅዝቃዜው ጣቴ ላይ አለ። ግን ባዶው ቦታም ዓይኔ ላይ አለ። የቱ ነው የሆነው? ወይስ ሁለቱም ሆነዋል? ወይስ አንዱን ናፍቆት ነው የፈጠረልኝ? እኔ እንጃ፣ ግራ ገብቶኛል።

ሐሙስ ደረሰ። ቆረጥኩ፤ አጠፋዋለሁ ብዬ ከላውንደሪው ንጹህ ነጭ ጨርቅ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጥፌ ይዤ ሄድኩ። በዳስተር ደስ አላለኝማ። ወላጆቹና ኮሚቴዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፣ ታክሲ ነጂውም አለ። ረቢው ሲተነፍሱ ሲተነፍሱ ወርደው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። የመዝሙር አስተማሪው ሳይቀር በሩ ላይ ቆሟል፤ ሰሌዳው ሲለቀቅለት ለማየት ነው። ለልጆቹ ሕጉን እንደተነገረኝ ነገርኳቸው። ይፈቀዳል፣ የሚያውቁ ሰው ነግረውናል፣ እኛም እንሰማለን አልኳቸው። ጨርቁን አነሳሁ።

እመት ለምን እጇን አወጣች። ልትከራከረኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እሷ ግን ስለ ሕጉ አንዲት ቃል አላለችም። ጋሼ ኮሌታ፣ አባትዎ ይህን ሲጸልዩ አሜን የሚላቸው ማን ነው? አለችኝ። አንቺ የጻፍሽልኝን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ከየት አመጣችው? እንዲሁ ነው እንጂ፣ እሷ መጠየቅ ነው ሥራዋ። ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣ አለኝ። አሁን ማንም አይላቸውም አልኳት፤ ሰው አለቀባቸው፣ ስለዚህ ጮክ ብለው መጸለይ ትተዋል አልኳት።

ታዲያ እኛ እንበላቸዋ አለች። እንዲሁ፣ ውኃ ላምጣ እንደሚል ሰው። ከዚያ ሁሉም ተነሱ። ያቺን መስመር በአንደበታቸው እየተሰናከሉ፣ በአባባ ዜማ፣ ከሰሌዳው ላይ አነበቧት። ሲጨርሱ አሜን አሉ። ወላጆቹም አሜን አሉ። ከበሩ በኩል ደግሞ እንደ ደወል ያለ ድምፅ አሜን ሲል መስኮቱ ነዘረ፤ ያ የመዝሙር ሰውዬ ነው። ተቀይሜው ልቀር ነበር እኮ! እኔ ጨርቁን ፊቴ ላይ አደረግኩት። ለሰሌዳ ያመጣሁት ጨርቅ ለእኔ ሆነ።

ኮሚቴዎቹ ተያዩ። አንዱ፣ እና አሁን ይጠፋል ወይስ አይጠፋም? ብሎ ጠየቀ፤ እውነቱን ነው፣ እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። ረቢው ከኋላ ሆነው፣ ይፈቀዳል አልኩ እንጂ ይጥፋ አላልኩም አሉ። የዚያን ጸሎት ልማድ የሚያውቁ ሰው በሕይወት እያሉ እኔን ለምን ትጠይቁኛላችሁ፣ አባቱ ይጠየቁ፣ እሳቸው እንዳሉት ይሁን፣ እስከዚያ ማንም አይንካው አሉ። ዳይሬክተሯ በዚህ ተስማማች፤ የአባትህን መልስ ለልጆቹ የምትነግራቸው ራስህ ነህ፣ ክፍሉም እስከዚያ ያንተ ነው አለችኝ። የመዝሙር አስተማሪው ትልቅ ወረቀት ገዝቶ ከግድግዳው ላይ ለጠፈ።

እኔ ግን ይኸው እንደገና ተጣበቅኩ። አባባን ልጠይቅ? እሱን መጠየቅ ማለት፣ አንተ የምትጠራው ስም ይፋቃል የሚሉ ሊቅ አሉ ብሎ መንገር አይደለም? መጽሐፉን ጠቅልሎ ለሰቀለ ሰው ይህ ይነገራል? ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ አታንብቢለት ያልኩሽ። አንቺ ብልህ ነሽ፣ ዘወር አድርገሽ፣ አባባ ድሮ በሩ ላይ ስትጽፍ እንዴት ነበር የምታደርገው ብለሽ ሹክ ብለሽ እንድትጠይቂልኝ አስቤ ነበር። እስከዚህ ድረስ የጻፍኩትም በዚያ ሐሳብ ነው።

አሁን እዚህ ስደርስ ግን ሐሳቤ ዞረብኝ። ከእነዚያ ልጆች ፊት አንድ እውነት ተናግሬ ያገኘሁትን አይቻለሁ። አባባን ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው እንደ ብርጭቆ መያዝ የጀመርነው? ይቆጣ እንደሆነ ይቆጣ። ቁጣውም ድምፅ ነው፤ ዝም ከሚል ይሻላል። ስለዚህ ያልኩሽን ተይውና ከላይ ጀምረሽ፣ ከባልዲው ጀምረሽ፣ ሁሉንም አንብቢለት። ረቢው ያሉትንም አትዝለይ። ቢሆንም ያሉትንም አትዝለይ። እሱ አጥፋው ካለ በጨርቅ አጥፍቼ ውኃውን አፈር አጠጣለሁ። ተወው ካለም ሰሌዳውን እንዳለ አስነቅለን ሌላ እንገዛለን፤ የመዝሙሩ ሰውዬ ራሱ አዋጣለሁ ብሏል። እኔ አላውቅም። እዚህ ያለን ሰዎች ሁላችንም አናውቅም። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው በይው።

አንድ የቀረ ነገር። እመት ለምን ከዚህ ሆነን የምንለው አሜን እዚያ ይደርሳል ወይ ብላ ጠይቃለች። ረቢው እንኳ እርግጠኛ አይደሉም። ልጆች ከአሥሩ ሰው አይቆጠሩም፣ አሜን ለማለት ግን ዕድሜ የሚጠይቅ የለም ብለዋል። እኔ ይድረስ አይድረስ አልገባኝም። ልጆቹ ግን መልስ አልጠበቁም፤ ትምህርት ባለ ቁጥር ይሉታል።

በሉ እንግዲህ። እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ደረጃውን ቀስ ብላ ትውጣ፣ የሚያሯሩጣት የለም። ባለቤትሽን ስለ ጣራው አደራ ማለቴን ንገሪው፣ ሳሉንም ሐኪም ይየው። ትልቋን ማንኪያውን አስቀምጪ በያት፣ መጽሐፉን ግን አትቀሚያት። ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ አጎትህ ቢዋሽ ኖሮ ይሄኔ ክፍሉን ያጣ ነበር በይው። የቀሩትን ጎረቤቶች በየበራቸው ሰላም በይልኝ። ባለቤቴ አንቺን ሰላም ብላለች፣ ልጄም ወረቀቱን ልትቀድብኝ እየታገለች ነው፣ ይህም ሰላምታ ነው።

ለአባባ ሰላምታ አልልክም። ለእሱ የምልክለት ሥራ ነው። መጽሐፉን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጂና ጉልበቱ ላይ አስቀምጪለት፤ ማየት ባይችልም ይዳብሰዋል። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እንደ ድሮው ድምፁን ለቆ ይጸልይ። ስሙ ጋ ሲደርስ አይቸኩል፣ ልጆቹ ገና ፊደሉን እየለመዱ ነው። እኔም ይህ ደብዳቤ ምድጃ እንዳይገባ፣ ስፈራው የቆየሁትን ስም መጨረሻው ላይ ሙሉውን ጻፍኩት፤ እግዚአብሔር አባባን ያቆይልን። በሉ፣ አሜን በሉ፣ እኛ እዚህ ብለናል።

ወንድምሽ

ከላውንደሪው በላይ ካለችው ክፍላችን፣
ረቡዕ፣ ከሥራ መልስ